ሐኪምና ሸንጎ

ሐኪም በሽተኛውን ትቶ ወደ ሸንጎ ቢገባ መሐላውን አፈረሰ ይባላልን? ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ እ.ኤ.አ. በ1848 የተስቦን ወረርሽኝ እንዲመረምር ወደ ላይኛው ሲሌዢያ በተላከ ጊዜ ያገኘው ተስቦን ብቻ አልነበረም፤ ረኃብን፥ ድንቁርናንና የመንግሥትን ቸልተኝነት ጭምር ነበር። ስለዚህ ትምህርትን፥ መንገድንና ነፃነትን መድኃኒት አድርጎ አዘዘ። ይህን የሚቀምም መድኃኒት ቤት ስለሌለ በ1859 ወደ በርሊን ከተማ ምክር ቤት፥ በኋላም ወደ ፕሩሲያ ፓርላማ ገባ፤ ለከተማይቱም የቆሻሻ ውሃ መውረጃ እንዲሠራላት ታገለ።

ይሁን እንጂ በሽተኛ ሐኪሙን ይታዘዛል፤ ዜጋ ግን ይጠይቃል፥ ይቃወማልም። እንግዲህ ሐኪም ወደ ሸንጎ ሲገባ ርኅራኄውንና ምርመራውን ይዞ ይግባ፤ ማዘዙን ግን ከደጅ ይተወው። ሕዝብ የሚድነው ፈቅዶ በጠጣው መድኃኒት ነውና።