ድምፁ ባይሰማ ኖሮ

የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ያዥ የነበረው ኢትዮጵያዊ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ወንጌላዊው ፊልጶስ ሮጦ ሲቀርብ ንባቡን ሰማ። የሐዋርያት ሥራ 8ኛ ምዕራፍ ይህችን ነገር በአንድ ቃል ያልፋታል፤ ታሪኩ ሁሉ የተንጠለጠለው ግን በእሷ ላይ ነው። ሰውየው ከንፈሩን ገጥሞ በዓይኑ ብቻ ቢያነብ ኖሮ፣ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ የሚጠይቀው አይመጣም ነበር። እሱም የሚመራው ከሌለ ሊገባው እንደማይችል ለማንም አይናገርም ነበር። ሁለቱ ከተለያዩ በኋላ ፊልጶስ የተገኘው በአዛጦን ነው።

አዛጦን የዛሬዋ አሽዶድ ናት።

አዲሷ ከተማ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን ወደቧ ሥራ የጀመረው በ1965 ነው። ዛሬ ከ200,000 በላይ ሰው ይኖርባታል። ከሞሮኮ፣ ከጆርጂያ፣ ከሩሲያና ከፈረንሳይ የመጡ ሰዎች ቤቴ ይሏታል። ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ። ብዙዎቹ ወደ እስራኤል የገቡት በሁለት ትልልቅ ጉዞዎች ነው፦ በ1984 እና በ1985 በሱዳን በረሃ በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፤ በዚህኛው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጉዟል።

ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ቤተ መጻሕፍትን ሲፍሪያ ይሉታል፤ አማርኛ ሲናገሩም ቃሉ ከዕብራይስጥ እንዳለ ይገባል። በእስራኤል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የቆመው በ1975 በወጣ ሕግ ላይ ነው፤ በሩ ለነዋሪው ሁሉ ክፍት ነው። የሚያነብና የማያነብ ብሎ በሩ ላይ የሚለይ የለም። ታዲያ ፊደል ያልቆጠሩ አያት የልጅ ልጃቸውን ተከትለው ገብተው ወንበር ሲይዙ ምን ተብለው ይቆጠራሉ? ሸኚ? እንግዳ? ወይስ አንባቢ?

ጥያቄው የመስተንግዶ ብቻ አይደለም። ማንበብ ምንድን ነው ወደሚለው ይወስዳል፤ እሱ ደግሞ ለኦሪት ሰዎች የሃይማኖት ጥያቄ ነው።

ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። በግዕዝ ነበበ ማለት ተናገረ ማለት ነው፤ አንበበ፣ የእኛው አነበበ፣ ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። በዕብራይስጥም ካራ የሚለው ግስ አነበበም ጠራም ይሆናል፤ መጽሐፍ ቅዱስም ከዚሁ ግስ ሚክራ ተብሎ ይጠራል። በሁለቱም ቋንቋ መጽሐፍ አፍ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ደግሞ ንባብ ቤትና ትርጓሜ ቤት የተለያዩ ናቸው። ዳዊትን ሳይደናቀፍ የሚያነበንብ ልጅ ትርጉሙን ባያውቅ አይታፈርበትም፤ ትርጉሙ በጊዜው ከመምህሩ አንደበት ይመጣለታል።

የቤተ እስራኤል ኦሪት እንደ ሌሎቹ አይሁዶች ጥቅልል ሳይሆን በብራና የተጻፈና የተጠረዘ መጽሐፍ ነው። ከሙሴ አምስቱ መጻሕፍት ጋር ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ይይዛል። ቄሱ በግዕዝ ያነባል፤ ከዚያ ለሕዝቡ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉማል። ግዕዙን የሚያውቀው ጥቂቱ ነበር፤ ኦሪትን የሚያውቀው ግን ሁሉም ነበር። በአምቦበር ተራራ በስግድ በዓል ቀን ቆማ የሰማች እናት አንድ ፊደል ሳትለይ የሕጉን ቃል ወደ ቤቷ ይዛ ትወርድ ነበር። እሷን መሃይም ብሎ መመዝገብ ትልቅ ስሕተት ነው። እሷ በጆሮዋ የምታነብ አንባቢ ናት፤ ይህን ለማለት ማመንታት አያስፈልግም።

በስግድ ከሚነበቡት አንዱ የነህምያ መጽሐፍ ነው። በ8ኛው ምዕራፍ ዕዝራ ከማለዳ እስከ ቀትር ሕጉን በአደባባይ ያነባል፤ ሌዋውያኑ በሕዝቡ መካከል ሆነው ያስረዳሉ። ንባቡ የተፈጸመው ሲገባቸው ነው። በዚያው መጽሐፍ በ13ኛው ምዕራፍ ደግሞ የአሽዶድ ስም ይመጣል። ነህምያ የአዛጦንን ሴቶች ያገቡ አይሁዶችን ያያል፤ ከልጆቻቸው እኩሌታው የአዛጦንን ቋንቋ ይናገራሉ፣ የአይሁድን ቋንቋ ግን አያውቁም። በዚህ እጅግ ተቆጣ።

ዛሬ ነገሩ በዚያችው ከተማ ተገልብጧል። የአሽዶድ ልጅ የአይሁድን ቋንቋ እንደ ውኃ ይጠጣል፤ የተሰበረበት የአያቱ ቋንቋ ነው። አያት በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ ልጅ በዕብራይስጥ ይመልሳል። በጤና ጣቢያና በመሥሪያ ቤት አስተርጓሚው ራሱ ልጁ የሆነበት ቤት ብዙ ነው፤ ገና በልጅነቱ የትልቅ ሰው አፍ ይሆናል። መሪው ታናሹ፣ ተመሪው ታላቁ ሲሆን ቤት ውስጥ የሚፈጠረውን ዝምታ የቀመሰ ያውቀዋል። ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ላይ ሊተኙ የሚችሉበት ቦታ ሲፍሪያ ነው። ግን እዚያም ዝም በሉ ይባላል።

ዝምታውን አጥብቀን መውቀስ የለብንም። በጠባብ ቤት ከወንድም ከእህቱ ጋር ተጨናንቆ ለሚኖር ተማሪ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ ምሕረት ነው፤ በአዲስ አበባው ወመዘክር ለፈተና ያጠና ሁሉ ይህን ይመሰክራል። አውግስጢኖስ በኑዛዜዎቹ የሚላኑን ጳጳስ አምብሮስዮስን ያነሣል፤ ጳጳሱ ዓይኑ ገጹን እየተከተለ፣ ድምፁ ግን ሳይሰማ ያነብ ነበር። አውግስጢኖስ ምክንያቱን ሲገምት፣ ምናልባት የሚሰማ ሰው ከባዱን ቃል አስረዳኝ ብሎ ጊዜውን እንዳይወስድበት፣ ወይም ደግሞ ድምፁን ለማሳረፍ ይሆናል ይላል። ከጋዛው መንገድ ጋር ሲተያይ ፍጹም ተቃራኒው ነው። አንዱ ጠያቂ እንዳይመጣበት ድምፁን ሸሸገ፤ ሌላው ድምፁ ጠያቂ አመጣለት። ሊቁ ዝም ማለት ይችላል። መሪ የሚያስፈልገው ሰው ግን ዝም ካለ ማን ያገኘዋል?

በአሽዶድ ብዙ አጥባቂ ሃይማኖተኞችም ይኖራሉ። በቤት ሚድራሻቸው፣ በጥናት ቤታቸው፣ ጥናቱ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እየተከራከሩ ነው፤ ይህን ሐቭሩታ ይሉታል። ድምፁ እንደ ገበያ ነው፤ ጸጥታ የሚያስከብር ግን የለም፣ ጩኸቱ ራሱ ትምህርቱ ነውና። በአንዲት ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት የመጽሐፍ ቤት፣ ዝም የሚባልበት ሲፍሪያና የሚጮኽበት ቤት ሚድራሽ፣ አለ ማለት ነው። የቄሶቹ ንባብ ለሁለተኛው ይቀርባል፤ ልጆቻቸው የሚላኩት ግን ወደ መጀመሪያው ነው።

መጽሐፉን ማትረፍ ይቻላል፤ ተርፏልም። ከ1904 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የተመላለሰው ዣክ ፋይትሎቪች የሰበሰባቸውን መጻሕፍት ለቴል አቪቭ ከተማ ትቶ በ1955 ዐረፈ፤ ስብስቡ ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በ2024 የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ ሁለት የቤተ እስራኤል ኦሪቶች መገኘታቸውን አስታውቀዋል። ታላቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ብራናው ፎቶ ሲነሣ የቄሱ ዜማና ትርጓሜ በፎቶው አይገባም። እሱን የያዙት ሰዎች አርጅተዋል፤ ከእነሱ መማር የሚቻለው አጠገባቸው ተቀምጦ በመስማት ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ አሽዶድ ያለ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከጸጥታው አዳራሽ ጎን ድምፅ የሚፈቀድበት አንድ ክፍል ቢኖረው፣ የአማርኛው መደርደሪያም ከዚያ አጠገብ ቢቆም፣ ለአረጋውያን የተደረገ ውለታ ተደርጎ አይታይ። የዕዝራ አደባባይ እንዲሁ ነበር።

በዚያ ክፍል የሚያልፈውን ከሰዓት በኋላ በሐሳብ መሳል አይከብድም። ልጁ ሥዕላዊ መጽሐፍ ይገልጣል። በዕብራይስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ያነብና ለአያቱ በአማርኛ ሊነግራቸው ሲሞክር መሐል ላይ ይቆማል፤ የአውሬው ስም ጠፍቶበታል። «እምዬ፣ ጻቮዓ ምን ነበር?» ብሎ ሥዕሉን በጣቱ ያሳያቸዋል። አያት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ያያሉ። «ጅብ ነዋ ልጄ!» ይሉና፣ ወገራ ሳሉ በክረምት ሌሊት በረቱን እየዞረ ሲያላዝን አባታቸው እንዴት ችቦ ይዘው እንደወጡ ይጀምራሉ። ልጁ መጽሐፉን ሳይዘጋ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ከወዲያኛው ጠረጴዛ የነበረች ሌላ ልጅም ወንበሯን ትንሽ ጠጋ ታደርጋለች።