ወፍን በጎጆዋ ስለ መቍጠር

ፍጥረትን ለመጠበቅ ሲባል ያንኑ ፍጥረት ማስጨነቅ ይገባልን? ይህ ጥያቄ በአላስካና በካናዳ ሰሜናዊ ዳርቻ የውሃ ዳር ወፎችን ከሚቈጥሩ ሰዎች ሥራ የሚነሣ ነው። ስፍራው ቱንድራ ይባላል፤ ዛፍ የማይበቅልበት ሰፊ ሜዳ ሲሆን፥ አፈሩ በሙቀት ወራት ከላይ ጥቂት ይቀልጣል እንጂ ከሥሩ ዘወትር በረዶ ነው። ወፎቹ በዚያ አጭር ወራት ከሩቅ አገር መጥተው ምድሩን ጐድጐድ በማድረግ አብዛኛውን ጊዜ አራት አራት ዕንቍላል ይጥላሉ።

ጎጆው ከሣሩ ተመሳስሎ በቀላሉ ስለማይታይ፥ ሁለት ሰዎች ረጅም ገመድ ግራና ቀኝ ይዘው በምድሩ ላይ ይጐትታሉ፤ የታቀፈችውም ወፍ ደንግጣ ትነሣለች። አንዳንዲቱ ክንፏ የተሰበረ መስላ እየተንፈራገጠች ጠላቷን ከጎጆዋ ታርቃለች። ቀበሮ በዚህ ይታለላል፤ ሰው ግን ከዚሁ ማታለሏ የተነሣ ጎጆው ቅርብ መሆኑን ያውቃል፤ እናት ልጆችዋን ልታድን ያበጀችው ብልሃት በእርስዋው ላይ ምስክር ይሆንባታል። ከዚህ በኋላ ዕንቍላሉን ከውሃ ያገቡታል፤ አዲሱ ይሰምጣል፥ መታቀፉ የቈየው ይንሳፈፋል፤ በዚህም የሚፈለፈልበትን ቀን ይገምታሉ።

ኦሪት ዘዳግም የወፍ ጎጆ በመንገድ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶችዋ ጋራ እንዳይወስድ ይከለክላል። ሕጉ ሰውን ከጎጆው ፈጽሞ አላራቀውም፤ ልክ አበጀለት እንጂ። ቈጣሪዎቹም በጎጆው አጠገብ አይዘገዩም፤ ምልክት የሚሆነውን እንጨት ጥቂት ራቅ አድርገው ይተክላሉ። ያም ሆኖ ጉዳት የለም ማለት አይቻልም፤ እናቲቱ የተነሣችበት ዕንቍላል ይበርዳል። ሌሚንግ የምትባለው አይጥ ባነሰችበት ዓመት ደግሞ ቀበሮው ወደ ጎጆዎቹ ይዞራል።

ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ስላስቈጠረ መቀጣቱን ይዞ ቈጠራን ሁሉ የሚነቅፍ ሰው፥ ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ መቍጠሩን ዘንግቷል። ልዩነቱ ከቈጣሪው ልብ ነው። የቱንድራው ቈጠራ በዘዴው ውስጥ ትሕትና አለበት፤ ሰዎቹ በብዙ ስፍራ አንድ ጊዜ ፈጥነው እያለፉ ይቈጥራሉ፤ በጥቂቱ ስፍራ ግን ሳምንታት ተቀምጠው ጎጆውን ሁሉ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱን አስተያይተውም ፈጥነው ሲያልፉ ስንቱ እንዳመለጣቸው ያውቃሉ። ሌላው ቈጣሪ ስሕተቱን ይሸሽጋል፤ እነዚህ ስሕተታቸውን ራሱን ይለካሉ።

አለመቍጠርም ቢሆን ከበደል ነጻ አያወጣም። ኤስኪሞ ከርሉ የተባለው ወፍ በዚያው ሰሜን ይራባ፥ መንጋውም እጅግ ብዙ ነበረ፤ አዳኞች ፈጁት። በእርግጥ የታወቀው የመጨረሻው ወፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. በባርባዶስ ደሴት በጥይት ተመትቶ ወደቀ።

እንግዲህ ቈጣሪው ላስደነገጣት ወፍ ባለ ዕዳ ነው፤ ቍጥሩ ተጽፎ በሣጥን ቢቀመጥ መደንገጧ በከንቱ ይሆናል። ዕዳውም በሰሜን ሰዎች ላይ ብቻ አይቀርም። ሊትል ስቲንት የምትባለው፥ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ፥ ከሳይቤርያ ቱንድራ ተነሥታ የብርዱን ወራት በአፍሪካ ታሳልፋለች፤ ከማረፊያዎችዋም አንዱ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የአቢያታ ሐይቅ ነው። የዚያ ሐይቅ ውሃ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቷል። በሰሜን ጎጆዋን የሚፈልግ ሰው ከአምናው ያነሰ ቍጥር ቢጽፍ፥ ምክንያቱ በቆመበት ሜዳ ላይ ላይገኝ ይችላል።