ልጅ ስለሚመርጠው ልብስ

ልብስ ገላን ከብርድና ከፀሐይ ለመጠበቅ፥ ኀፍረትንም ለመሸፈን የተሰጠ ነው ብሎ በዚህ ብቻ የሚያበቃ ሰው ነገሩን በግማሹ ተመልክቶታል። ልብስ ቋንቋም ነውና። በአገራችን አንድ ነጠላ በአለባበሱ ብዙ ነገር ይናገራል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ሲሆን ሐዘንን፥ በመስቀል አምሳል ሲጣፋ ጸሎትን፥ ሲታደገደግ ለታላቅ መታዘዝን ያስረዳል። እንግዲህ አፉን ሳይከፍት በልብሱ የሚናገር ሕዝብ ልጆች፥ እነርሱም በልብሳቸው ሊናገሩ ቢወዱ ሊያስደንቀን አይገባም። የሚያስጨንቀን ልጁ እኛ ያላስተማርነውን ቃል የተናገረ እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው። ልጅ ከቤተ ሰቡና ከእኩዮቹ ልማድ ተለይቶ፥ ማንነቱን ለመግለጥ ሲል ራሱ የመረጠውን ልብስ ቢለብስ፥ ሥራው አለመታዘዝ ነውን? ወይስ እግዚአብሔር በሰው ባሕርይ ያኖረው የነጻ ፈቃድ መጀመሪያ ነው?

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እናስብ። ጠጉሩን አሳድጎ፥ በገዛ እጁ ሥዕል የሳለበትን፥ ከጉልበቱም ላይ የተቀደደውን ሱሪ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ከደጀ ሰላም ሲደርስ አንድ ሽማግሌ በሰው ፊት ይገሥጹታል፤ አባቱ ያፍራል፤ ልጁም ከበር ይመለሳል። በሚቀጥለው እሑድ አይመጣም፤ ከዚያም ወዲያ አይመጣም። ሽማግሌው ለቤተ እግዚአብሔር ክብር ቀንተዋል፤ ቅንዓታቸውም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ሱሪውን እናስወግዳለን ስንል ልጁ አብሮ የተወገደ እንደ ሆነ፥ ያተረፍነው ምንድር ነው?

በአንድ ወገን ያሉት ወላጆች የሚሉት ከንቱ አይደለም። ሥርዓት የብዙ ሰዎች የጋራ ቤት ነው፤ እያንዳንዱ የወደደውን ድንጋይ ከግንቡ ቢነቅል ቤቱ አይቆምም ይላሉ። ደግሞም ልጁ የራሴ ምርጫ ነው የሚለው ልብስ ብዙ ጊዜ የነጋዴው ምርጫ ነው። አንድ ሺህ ልጆች አንድ ዓይነት የተቀደደ ሱሪ ለብሰው እያንዳንዳቸው ከሰው ሁሉ ተለይቻለሁ ቢሉ፥ መንጋውን ለወጡ እንጂ ከመንጋው አልተለዩም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እንደ ንጉሡ አጎንብሱ የሚለው ያገራችን ተረት ለኑሮ ብልሃት ይጠቅም ይሆናል እንጂ፥ ለኅሊና ሕግ ሊሆን አይችልም። የሚያጎነብሰው ሁሉ ትሑት፥ ቀጥ ብሎ የሚቆመውም ሁሉ ትዕቢተኛ አይደለምና።

ተለይቶ መልበስ በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን ከአባቶች ታሪክ እናስተውላለን። በኦሪት ናዝራዊ የሆነ ሰው ራሱን ምላጭ አይነካውም ነበር፤ ከሕዝቡ ሁሉ በጠጉሩ ይለይ ነበር። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል አካላቸው በጠጉር ተሸፍኖ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ሲቆሙ ያሳየናል። የቆሎ ተማሪውም ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን ይዞ የወጣው ብዙ ጊዜ ወላጆቹ ሳይፈቅዱለት ነው፤ እናቱ የፈተለችለትን ጥጥ ትቶ የበግ ለምድ መረጠ። ዛሬ የምናከብራቸው ብዙ ሊቃውንት ከዚያ ደበሎ ውስጥ የወጡ ናቸው።

ይልቁንም የዳዊትን ነገር እንመልከት። ንጉሥ ሳኦል የራሱን ጥሩርና የናስ ቍር አለበሰው፤ ዳዊትም ሊራመድ ሞክሮ ስላልለመደው አወለቀው። የንጉሥ ልብስ ክቡር ነበረ፤ ዳዊት ግን የእረኝነቱን በትርና ወንጭፍ ይዞ ወጣ። ከዚያ ቀደም ሲል ታላቅ ወንድሙ ኤልያብ ተቈጥቶት፥ ወደ ሰልፉ የመጣኸው ከትዕቢት የተነሣ ነው ብሎ ፈርዶበት እንደ ነበረ ልብ እንበል። በዕድሜ የሚበልጥ ሁሉ የታናሹን ልብ አያነብም።

ይህን ስንል ግን ልዩ መሆን ሁሉ ቅድስና ነው ማለታችን አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት በታናሽ እስያ በጋንግራ የተሰበሰቡት አባቶች፥ የመናንያንን መጎናጸፊያ ለብሰው ይህ ጽድቅ የሚሰጣቸው መስሏቸው፥ የተለመደውን ልብስ በአምልኮት የሚለብሱትን የሚንቁትን አውግዘዋል። የፍርዱን ጥልቀት እናስተውል፤ የተወገዘው መጎናጸፊያው አይደለም፤ ንቀቱ ነው። እንግዲያስ የተቀደደ ሱሪ የለበሰው ልጅ ያማረ የለበሰውን ጓደኛውን ቢንቅ፥ ያማረ የለበሰውም የተቀደደ የለበሰውን ቢንቅ፥ ሁለቱም በአንድ ፍርድ ሥር ናቸው።

በሌላ ወገን ደግሞ ልማድን የመጠበቅ ቅንዓት ከፍቅር ሲለይ ወዴት እንደሚያደርስ የአገራችን ታሪክ ያስተምረናል። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ፥ ይህ የባዕድ ልማድ ነው ብለው የተነሡት ተማሪዎች ነበሩ፤ ተቃውሞውም ወደ ሁከት ደርሶ ለትርኢቱ የመጡ እንግዶች ተንገላቱ። የሰውን ልብስ የሚቈጣጠሩ ሽማግሎች ብቻ አለመሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። በዚያው ዘመን ጎፈሬ አበጥረው፥ ከእግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው አባቶቻቸውን ያስቈጡ ወጣቶችም ዛሬ አያቶች ሆነዋል፤ ከእነርሱም የልጅ ልጆቻቸውን ስለ ልብስ የሚገሥጹ አሉ።

ታዲያ በምን እንለይ? ልጁን ሦስት ነገር እንጠይቀው ዘንድ ይገባናል። አንደኛ፥ ይህን ስትለብስ የምታዋርደው ወይም የምትንቀው ሰው አለን? ሁለተኛ፥ የሚያይህ ሰው ባይኖር ትለብሰው ነበርን? ሦስተኛ፥ የገላህን ክብርና የምትቆምበትን ቦታ ክብር ይጠብቃልን? ሦስቱን በቅንነት የመለሰ ልጅ ብዙ ጊዜ ራሱ ልብሱን ያርማል፤ ባያርምም የሚለብሰውን ዐውቆ ይለብሳል። ያልተጠየቀ ልጅ ግን የሚማረው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ በፊታችን መሸነፍን፥ ወይ ከኋላችን መደበቅን። ከሁለቱም ጽድቅ አይገኝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ደግሞ ይህ ነው። በጥምቀት ጊዜ በልጆቻችን አንገት ማዕተብ እናስራለን። በአሜሪካና በአውሮጳ የሚያድጉት ልጆቻችን ጓደኞቻቸው የማያውቁትን ይህን ክር አስረው ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ምንድር ነው ተብለውም ይጠየቃሉ፤ አንዳንዴም ይሣቅባቸዋል። እኛም አትፈሩ፥ ብቻችሁን ብትሆኑም ጽኑ እንላቸዋለን። ብቻን ሆኖ መቆም ግን በአንድ ቀን የሚገኝ ኃይል አይደለም። ስለ ሱሪና ስለ ጠጉር ብለን ይህን ኃይል በቤታችን የሰበርነው እንደ ሆነ፥ ልጁ ለማዕተቡ የሚቆምበትን ጉልበት ከወዴት ያመጣዋል? በእኛ ፊት ሁልጊዜ መሸነፍን የለመደ ልጅ በዓለምም ፊት ይሸነፋል።

ስለዚህ ወላጆች በትንሹ ነገር ይፍቀዱ፤ በትልቁ ነገር ይጽኑ። ቀለሙን፥ ቅርጹን፥ ጠጉሩን ለልጁ ምርጫ ቢተዉ ቤቱ አይፈርስም። ኀፍረትን መሸፈን፥ ድኻን አለመናቅ፥ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ማክበር ግን ለምርጫ የሚተው አይደለም። ለዚህም ምክንያቱን እንንገረው፤ በቤተ መቅደስ ነጭ የምንለብሰው ሀብታሙና ድኻው፥ ሊቁና ያልተማረው በአንድ ልብስ በአንድ ጌታ ፊት እንዲቆሙ ነው። ማንም በዚያ የራሱን ጌጥ ስለሚተው፥ ልጁም መተዉን እንደ ቅጣት አይቈጥረውም። ካህናትና ሽማግሎችም የተቀደደ ለብሶ የመጣውን ልጅ ከበር ከመመለስ ይልቅ ወደ ጎን ወስደው ነጠላ ቢደርቡለት፥ ሥርዓቱም ይጠበቃል፤ ልጁም ይተርፋል።

ሐና ልጇን ሳሙኤልን ለቤተ እግዚአብሔር ከሰጠችው በኋላ በየዓመቱ ታናሽ መጎናጸፊያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። በየዓመቱ አዲስ መሥራቷ ልጁ እንዳደገ ስለምታውቅ ነው፤ የአምናውን ልብስ ዘንድሮ አላስገደደችውም። እኛም የልጆቻችንን ቁመት በየጊዜው የምንለካ፥ የልባቸውንም እድገት የምናስተውል እንድንሆን እግዚአብሔር ይርዳን።