የእንቁራሪት ድምፅና የእኛ ጆሮ

በክረምት ከጎንደር ወደ ደምቢያና ወደ ጎርጎራ ሲወረድ፣ ውሃ በተኛበት ሜዳ የእንቁራሪት ድምፅ ሌሊቱን ይሰማል። በዚያ ያደረ እንግዳ «ይህን ጩኸት ጸጥ የሚያሰኝልኝ በተገኘ!» ማለቱ አይቀርም። ለደከመ ሰው እንቅልፍ ማጣት ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ የሚረብሸንን ፍጥረት ሁሉ ዝም ማሰኘት ይገባናልን?

የሚጮኸው ወንዱ ነው። ጉሮሮው ሥር ያለውን ስስ ከረጢት በአየር ነፍቶ ሴቲቱን ይጠራል፤ እያንዳንዱ ዝርያ የየራሱ ድምፅ ስላለው፣ እርስዋም ከብዙ ጩኸት መካከል የወገኗን ጥሪ ለይታ ትመጣለች። ለእኛ ሁከት የሆነው ለእነርሱ የዘር መቀጠያ ነው።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በፖርቶ ሪኮ ደሴት፣ ስሟን ከድምፅዋ ያገኘች «ኮኪ» የምትባል ትንሽ የዛፍ እንቁራሪት አለች። የአገሩ ሰው እንደ መለያው አድርጎ ይወዳታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከተክል ጋር ተጭና ሃዋይ በደረሰች ጊዜ ግን እንቅልፍ ነሺ ተባለች፤ ማጥፊያም ይረጭባት ጀመር። ድምፁ ያው ነው፤ የተለወጠው ጆሮው ነው። እርግጥ በሃዋይ የአገሩ ተወላጅ የሆነ እንቁራሪት አልነበረምና፣ የአገሩን ነፍሳት ትጨርሳለች ብለው መሥጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የወሰዳት ሰው ነው እንጂ በራስዋ አልሄደችም።

የእኛዎቹ ደግሞ እንግዶች አይደሉም፤ ረግረጉ ቤታቸው ነው። ረግረጉ ሲደርቅ፣ የተባይ መድኃኒትም ወደ ወንዝ ሲወርድ፣ ስስ ቆዳቸው ውሃውንም መርዙንም ስለሚያሳልፍ ፈጥነው ይጎዳሉ። እንዲህ ያለው ጸጥታ የሰላም ምልክት አይደለም፤ ከዚያው ውሃ ለምንቀዳ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው።

«እንቁራሪት በግብፅ ላይ መቅሠፍት አልነበረምን?» የሚል ይኖራል። ነበረ። ነገር ግን ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 8ን ያነበበ ሰው እንደሚያስተውለው፣ እንቁራሪቱ ለፈጣሪው ታዘዘ፤ አልታዘዝም ያለው ፈርዖን ነው። መቅሠፍቱም የመጣበት የተጨቆኑትን ጩኸት ለመስማት እምቢ ስላለ ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው የምድርን ጩኸትና የድሆችን ጩኸት አብረን እንድንሰማ ያስተማሩት ስለዚህ ነው። የማይመቸውን ድምፅ ሁሉ ማጥፋት የለመደ ጆሮ፣ ነገ በደጁ ቆማ የምትለምነውንም እናት «ዝም በይ» ማለቱ አይቀርም።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ምእመናንና መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ፣ በመጪው ክረምት አንድ ምሽት ልጆቹን ይዛችሁ ይህን ድምፅ በጸጥታ አዳምጡ። ከዚያም «ባለፈው ሳምንት ሳንሰማው ያለፍነው የማን ድምፅ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ እኛም ራሳችንን እንጠይቅ።