የታሰረ ሰሊጥ

ምሳሌ ነውና፣ አንድ ኮሪያዊ የቴኳንዶ መምህር ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባ እንበል። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሰሊጥ ደርሷል። በመተማ ድንበር ተሻግሮ ለአጨዳ የመጣ አንድ ጎረምሳ ማታ ማታ ይማር ጀመር።

መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ነጭ ቀበቶ አሰረለትና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው። በሁለተኛው ቀን እጅ መንሣት፣ በሦስተኛው መመከት። ወር ሞላ፤ መመከትና እጅ መንሣት ብቻ።

«ማስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ የመጣሁት ምት ልማር ነው። እርስዎ ያስሩኛል፣ ያጎነብሱኛል። ምቱ መቼ ነው?»

«ቀን ቀን ምን ትሠራለህ?»

«ሰሊጥ አጭዳለሁ።»

«እስቲ ነገ አሳየኝ።»

በማግስቱ ጎረምሳው ማጭዱን ይዞ ያስረዳ ጀመር። «ይኸውልዎ፣ ጫፉ አረንጓዴ ሳለ ነው የምናጭደው። ቆሞ ከደረቀ ማቀፊያው ይሰነጠቅና ፍሬውን ንፋስ ይበትነዋል፤ የጉንዳን ሲሳይ ይሆናል። ስለዚህ አጭደን እናስረዋለን። ነዶውን አደጋግፈን አቁመን ሁለት ሳምንት ያህል እንጠብቃለን። ሲደርቅ ሸራ እናነጥፍና አናቱን ወደ ታች ዘቅዝቀን እናራግፈዋለን። ያኔ ፍሬው ዝርግፍ ይላል።»

መምህሩ የነዶውን ማሰሪያ በጣቱ ነካ አደረገና «ታዲያ እኔ ምን ልጨምርልህ?» አለው።

ያን ዕለት ማታ ጎረምሳው ቀበቶውን ራሱ አጥብቆ አሰረ።

ታሪኩ ፈጠራ ነው፤ ትምህርቱ ግን የቴኳንዶ ነው። ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ እ.ኤ.አ. በ1955 ስሙን በማውጣት ይታወቃሉ። በ1966 ሴኡል ላይ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አቋቋሙ፤ በ1972 ደግሞ ከአገራቸው ወጥተው ካናዳ ተቀመጡ። ለተማሪ ያስቀመጧቸው መርሆች አምስት ናቸው፦ ጨዋነት፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛትና የማይበገር መንፈስ። ምት የሚል የለበትም። ጀማሪ የሚማረው ቾንጂ የተባለው የእንቅስቃሴ ቅንብርም የሚነሣው በመመከት ነው። በቀበቶዎቹ ቀለም ትርጉም ደግሞ ቢጫው ቡቃያ ሥር የሚሰድበት መሬት ነው፤ አረንጓዴው የቡቃያው ማደግ። ገበሬ ያወጣው ይመስላል።

ከመተማ እስከ ከሰላ ባለው መንገድ ጉልበት የሞላው ወጣት ብዙ ነው። ወንድሜ፣ ጉልበትህን ንዴት እስኪያደርቀው አትጠብቅ፤ አረንጓዴ ሳለ እሰረው።