ምስክር የተጠራበት ሠርግ

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በከምባታ አንድ ሠርግ ተደገሰ። ሙሽራዋ ያልተገረዘች መሆኗን በአደባባይ አሳወቀች፤ ሙሽራውም ይህን አውቆ፣ ደስ ብሎት እንደሚያገባት ገለጸ። ታዳሚው በሺ የሚቆጠር ነበር። ለሩቅ ሰው ነገሩ የሁለት ወጣቶች የግል ጉዳይ ሊመስል ይችላል። በዱራሜ ከተማና በዙሪያዋ ላለው ሕዝብ ግን ብዙዎች “አይሆንም” ሲሉት የኖሩት ነገር ሲሆን በዓይን የታየበት ቀን ነው።

“አይሆንም” ባዮቹን አላዋቂ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ስንፍና ነው። ያልተገረዘች ልጅ ዕቃ ሰባሪ ትሆናለች፣ ባል አታከብርም፣ ትዳሯ አይጸናም የሚለው ወሬ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች ሲነገር ኖሯል። እውነት ይሁን ሐሰት ለመለየት ያልተገረዘች ሚስት አይቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለች ሚስት ደግሞ በከምባታ አልነበረችም ለማለት ይቻላል፤ ሴት ልጁን ሳያስገርዝ ለመዳር የሚደፍር ወላጅ ከየት ይምጣ? እምነቱን ሊያፈርስ የሚችለው ማስረጃ እንዳይወለድ የሚከለክለው ራሱ እምነቱ ነበር። አሜሪካዊው ምሁር ጄሪ ማኪ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ግርዛትን በቻይና ከነበረው የሴቶችን እግር የማሰር ልማድ ጋር አነጻጽሮ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ልማዱን ቢተው ልጁ ቆማ ትቀራለች፤ ብዙ ቤተሰቦች ተማምለው በይፋ ከተዉት ግን ልማዱ በአንድ ትውልድ ሊፈርስ ይችላል።

ቦጋለች ገብሬ ይህን ቋጠሮ ከውስጥም ከውጭም ያውቁት ነበር። ከምባታ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ተገርዘው፣ ውሃ ልቅዳ ብለው ከቤት እየወጡ ፊደል የቆጠሩ ሴት ነበሩ። ኋላ በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ፣ በአሜሪካ ደግሞ ኤፒዲሚዮሎጂ ተማሩ። በ1997 እ.ኤ.አ. ከእህታቸው ጋር ኬ.ኤም.ጂ. የተባለውን የከምባታ ሴቶች ድርጅት ሲመሠርቱ ስለ ኤችአይቪና ስለ ሴቶች ጤና የሚናገሩት ብዙ ነበራቸው። የአገሩ ሰው ግን በቅድሚያ ሌላ ጉዳይ አነሣ፦ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ገበያተኛው ወደ ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ የለም። ድልድዩ ተሠራ። ጆሮ ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው።

ድልድዩን እንደ መደለያ የሚቆጥሩ ይኖራሉ። ይህ ጸሐፊ አይስማማም። አንድ የከምባታ ገበሬ ስለ ቫይረስ የሚነገረውን በራሱ አጣርቶ ማረጋገጥ አይችልም፤ እንዲያውም የአዲስ አበባም የለንደንም ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይችልም። ማጣራት የሚችለው ተናጋሪዋን ነው። እሠራለሁ ያሉትን ሠርተዋል ወይ? ነገስ እዚሁ ይገኛሉ ወይ? ሰው የማያየውን ነገር የሚቀበለው የሚያየውን በፈጸመ ሰው አፍ ሲነገረው ነው።

ነገሩ የገጠር ብቻ እንዳይመስል ወደ ለንደን ጎራ ማለት ይጠቅማል። በ1660 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ “የማንንም ቃል አንቀበልም” የሚል መፈክር ነበረው። በዚያው ዘመን ሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይል በአየር መሳቢያ መሣሪያው ሙከራ ያደርግ ነበር። መሣሪያው ውድ፣ ቁጥሩም እጅግ ጥቂት ስለነበር አብዛኛው የአውሮፓ ምሁር ውጤቱን ያመነው ቆመው ባዩ ሰዎች ምስክርነት ነው። የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎቹ ስቲቨን ሼፒንና ሳይመን ሻፈር በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ቃሉ የሚታመነው ባለርስቱና የተከበረው ሰው ነበር። ፈላስፋው ቶማስ ሆብስ ሙከራው የሚታይበትን አዳራሽ በተመረጡ ሰዎች የተሞላ ነው፣ ምኑ የሕዝብ ነው ብሎ ተቃውሞታል። ሴቶች በማኅበሩ አባልነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጡት በ1945 እ.ኤ.አ. ነው።

በዚህ ሚዛን ከታየ የከምባታው ሠርግ ከቦይል አዳራሽ ይልቅ ለሕዝብ ክፍት ነበር። ምስክሮቹ ነገ ልጃቸውን የሚድሩ፣ ምራት የሚቀበሉ ሰዎች ናቸው። ሠርጉም ብቻውን የቆመ አልነበረም፤ ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት አብረው የሚቀመጡባቸው የኬ.ኤም.ጂ. የማኅበረሰብ ውይይቶች ደግፈውታል። የወንጀል ሕጉ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በአንቀጽ 565 ግርዛትን ሲከለክል ከምባታ ክርክሩን ጀምሮ ነበር።

ግን ሠርጉ ሁሉን አላስረዳም። ያልተገረዘች ሴት ማግባት እንደሚቻል አሳየ እንጂ ስለ ምጥና ስለ ደም መፍሰስ የነገረው የለም። ለዚህ ቆጠራ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት የአፍሪካ አገሮች ከ28 ሺህ በላይ ወላዶችን ተከታትሎ፣ የተገረዙት በወሊድ ጊዜ ለከፋ አደጋ እንደሚጋለጡ ያሳተመው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ጉዳቱ ግን ጥናቱ ከመታተሙ በፊትም፣ ማንም ከማመኑ በፊትም ነበረ። እውነት ማኅበረሰቡ የተስማማበት ነገር ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ፤ በምጥ የሞተች እናት ስምምነት አልጠበቀችም።

ለውጡ ምን ያህል ነው የሚለውም ራሱ ፈተና አለበት። በ2013 እ.ኤ.አ. የቤልጅየሙ የንጉሥ ቦዱዊን ሽልማት ለቦጋለች ሲሰጥ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴት ልጆች ይገረዙበት በነበረው አካባቢ ቁጥሩ ከመቶ 3 በታች መውረዱ በሰፊው ተነግሯል። አኃዙ አስደናቂ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው አኃዝ የሚገኘው በአብዛኛው ሰው ተጠይቆ ነው። ቀድሞ አለመገረዝ ነውር ነበር፤ አሁን ማስገረዝ ነውርም ወንጀልም ነው። በሰሜን ጋና ናቭሮንጎ የተደረገ ጥናት፣ ሕግ ከወጣና ቅስቀሳ ከተካሄደ በኋላ አንዳንድ ሴቶች ከዓመታት በፊት “ተገርዣለሁ” ያሉትን መልሰው መካዳቸውን መዝግቧል። በአካላቸው ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ይህ ማለት የከምባታ ለውጥ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ የኬ.ኤም.ጂ. ሥራ ፍሬ በብዙ ተመልካቾች ተመስክሮለታል። መጠኑን ማወቅ ግን መልካም ወሬ ከመቁጠር ይለያል።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2000 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 80ዎቹ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ 65ቱ የተገረዙ መሆናቸውን አግኝቷል፤ በሁለተኛው ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት 47ቱ። ከ15 ዓመት በታች ስላሉት ልጆች ግን የሚጠየቁት እናቶች ናቸው፤ እናት ደግሞ በሕግ ልትጠየቅበት ስለምትችል ድርጊት ነው የምትመልሰው። ሕጉ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የተወለዱት ልጆች ዛሬ ከ15 ዓመት አልፈዋል፤ ከእንግዲህ በሚደረጉ ጥናቶች ስለ ራሳቸው የሚጠየቁት እነርሱው ናቸው።