ጕሮሮ ለዘፈን ወይስ ዘፈን ለጕሮሮ

የድምፅ ትምህርት ለጀመረ ወጣት ጕሮሮው ይቀለጥፍ ዘንድ ፈጣን ዜማ ያለበትን ዘፈን እንዲመርጥ ይነገረዋል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ያስከትላል። ይኸውም የሰው ኀዘንና ደስታ የተነገረበትን ዘፈን እንደ ሞረድ ቈጥሮ ጕሮሮን ብቻ መሳያ ማድረግ ይገባልን? የሚል ነው።

ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ እንዳይመስለን የሆሳዕናንና የዱራሜን መዘምራን እናስብ። በሀድያና በከምባታ ከተሞች በኅብረት መዘመር የተለመደ ነገር ነው። ከመዘምራኑ መካከል ድምፁ ያማረ አንድ ልጅ ወደ ዘመናዊው የድምፅ ትምህርት ቢገባ፣ ከኢጣልያ የመጣውን መልመጃ ማግኘቱ አይቀርም። ትርጕሙን ሳያውቅ ቃሉን ይሸመድዳል፤ ጕሮሮው ይሮጣል፣ ልቡ ግን ወደ ኋላ ይቀራል።

የኢጣልያ መምህራን ራሳቸው እንዲህ አላሰቡም። ኒኮላ ቫካይ እ.ኤ.አ. በ1832 ባወጣው የመልመጃ መጽሐፍ ትምህርቱን ከሜታስታዚዮ ግጥም ጋር አዋሕዶ አቀረበ፤ ጕሮሮና ቃል ከመጀመሪያው ቀን አብረው እንዲሠሩ ፈልጎ ነው።

«ዜማው ካማረ ቃሉ ምን ቸገረን?» የሚል ሰው ቢኖር የሄንደልን ሥራ ይመልከት። ሄንደል እ.ኤ.አ. በ1741 በደረሰው «መሲሕ» ውስጥ ስለ ሕፃኑ መወለድ የሚናገረውን መዝሙር ሲያዘጋጅ፣ ፈጣኑን የድምፅ ሩጫ የወሰደው በዚያው ዓመት ስለ ፍቅር ከጻፈው የኢጣልያ ዘፈን ነው። መዝሙሩ እጅግ ያማረ ሆነ። ይሁን እንጂ በኢጣልያኑ «አይሆንም» በሚለው ቃል ላይ ያረፈው ኀይል፣ በእንግሊዝኛው «ምክንያቱም» በሚል ደካማ ማያያዣ ላይ ወደቀ። ለታላቅ ሊቅ እንኳ ቃል ቂም ይይዛል ማለት ነው።

በሀድይኛና በከምባትኛ ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል። በነዚህ ቋንቋዎች የአናባቢ ማጠርና መርዘም ትርጕም ይለያል፤ ስለዚህ ዘፋኙ የድምፁን ሩጫ ያለ ቦታው በአጭሩ አናባቢ ላይ ቢዘረጋው ቃሉን ሊያበላሸው ይችላል። በሌላ ወገን ደግሞ አብዛኛው ቃላቸው እንደ ኢጣልያንኛ በአናባቢ ስለሚጨርስ ለዘፈን እጅግ ይመቻሉ። እንግዲህ ለድምፅ መልመጃ የሚሆን ሀብት በእናት ቋንቋ ሳለ፣ ሁሉን ከውጭ መለመን ምን ያደርጋል? በያሬዳዊው ዜማስ ርክርክ የተባለው ምልክት የሚጻፈው ከቃሉ ፊደል በላይ አይደለምን? ድምፁ የሚርከረከረው ቃሉን ተሸክሞ ነው።

ይህን ስንል የባዕድ ዘፈን ይቅር ማለታችን አይደለም። ለጕሮሮ ብቻ የሚሆን ልፋት ሲያስፈልግ፣ እንደ ኮንኮኔ መልመጃ ቃል የሌለው ልምምድ አለ፤ በርሱ ላይ ሺህ ጊዜ ቢመላለሱ የሚበደል ቃል የለም። ወደ ዘፈን የገባን እንደ ሆነ ግን መምህሩ ትርጕሙን ያስረዳ፤ ተማሪውም ከመዝፈኑ በፊት ቃሉን እንደ ንግግር ያንብበው፤ ከባዕዱ ዘፈን ጐን አንድ የእናቱን ቋንቋ ዘፈን ያጥና፤ የድምፁም ሩጫ በረጅሙ አናባቢ ላይ የሚያርፈውን ይምረጥ።

ቅልጥፍና አገልጋይ ነው፤ አገልጋይም የጌታውን ስም ማወቅ ይገባዋል። ከሆሳዕና የወጣው ልጅ ተምሮ ሲመለስ፣ እናቱ «ድምፅህ አማረ» ብቻ ሳይሆን «ያልኸውን ሰማሁ» ብትለው፣ ምርጫው የቀና እንደ ነበረ በዚህ እናውቃለን።